ግድግዳ ሲነካቸውስ?



«ፓራሜሲየም በምን ይንቀሳቀሳል?» ቢባል ሁላችንም «በሲሊያ!» እንላለን። «ባክቴሪያስ?» «በፍላጀላ!» በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የኩሬ ውኃ በማይክሮስኮፕ ስናይ አንድ የክፍላችን ልጅ፣ «ከሣር ቁራጭ ጋር ሲጋጭ ለምንድነው ወደ ኋላ የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ «ፈተና ላይ አይመጣም፤ ይልቅ የመጽሐፉን ሥዕል ሣል» የሚል ነበር። ልጁ ከዚያ ወዲያ ጠይቆ አያውቅም።

እኔ ግን ዋናው ትምህርት ያ ጥያቄ ነበር ባይ ነኝ። ፓራሜሲየም ፊቱን ጠንካራ ነገር ሲነካው ካልሲየም ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ሲሊያዎቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀዝፋሉ። ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዞር ይላል፣ እንደገና ወደ ፊት ይሞክራል። መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ይደጋግመዋል። ጄኒንግስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ከጓደኛችን ጥያቄ በምን ይለያል?

የባክቴሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ኢ. ኮላይ የሚሊ ሜትር 1/500ኛ ያህል ርዝመት አለው። ከግድግዳ ርቆ ሲዋኝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መስታወት አጠገብ ሲደርስ ግን ክብ እየሠራ ይዞራል። ለምን ቢሉ፣ ፍላጀላው ወደ አንድ ጎን ሲሽከረከር ገላው ወደ ሌላው ጎን ይሽከረከራል። በመስታወቱ በኩል ውኃው ይበልጥ ስለሚይዘው ፊቱ ወደ አንድ ጎን፣ ኋላው ወደ ሌላ ጎን ይገፋል፤ መንገዱም ይጎብጣል።

«ይሄ ለገጠር ልጅ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አይጠፋም። የውኃ ጀሪካን ውስጡን ሲዳስሱት የሚያሟልጨው ምን ሆነና! ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የተራቡ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። ጀሪካን በውኃ ማለቅለቅ ብቻ ለምን እንደማይበቃ ተማሪው ከዚህ ይረዳል።

«ማይክሮስኮፕ የለም፣ ጊዜም የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ ችግሩ አለ። ግን አንድ ማይክሮስኮፕ ካለ ተራ በተራ ማየት ይቻላል። ተማሪው መጀመሪያ ያየውን ይሣል፤ ስሙን በኋላ እንንገረው። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ጋር ባይመሳሰል አንቆጣ።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ነገ ክፍል ስንገባ ጠያቂውን ልጅ ዝም የምናሰኝ እኛ እንዳንሆን!

ከአንድ እጩ መምህር