ስለ ሥራ አደላደልና ስለ ሠራተኛ ጤንነት

ሠራተኛን የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥራው የተደለደለበት አኳኋን ጭምር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉም ይህንኑ ያስረዳል። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ፣ አማቱ ዮቶር ይህ አሠራር ፈራጁንም ባለጉዳዩንም የሚያደክም መሆኑን ገልጾ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቆች ሾሞ ከባዱን ነገር ብቻ ለራሱ እንዲያስቀር መከረው።

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ በኢትዮጵያም በሌላውም አገር ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የመሥሪያ ቤታቸውን ሥራ በየቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር ለሠራተኛው ይበጃል የሚሉና ይጎዳል የሚሉ ወገኖች ይከራከራሉ። በሥራ ተፈትኖ የታየው ግን ለሁለቱም በከፊል ይመሰክርላቸዋል።

በቻይና አገር ሲትሪፕ የተባለው የጉዞ ኩባንያ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 መጨረሻ፣ ከቴሌፎን ሠራተኞቹ አንዳንዶቹን ለ9 ወር በቤታቸው አሠራ። የሥራቸው ውጤት ከመቶ 13 እጅ ከፍ አለ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ያህል አነሱ። ይሁን እንጂ ጊዜው ሲፈጸም ምርጫ ቢሰጣቸው፣ ብዙዎቹ ብቸኝነቱ ስለ ከበዳቸው ወደ መሥሪያ ቤታቸው መመለስን መረጡ። ይኸው ኩባንያ ኋላ በ1,612 ሠራተኞች መካከል፣ በሳምንት 2 ቀን ብቻ በቤት የመሥራትን ደንብ ቢፈትን፣ ሥራው ሳይጓደል የሚለቁት ሰዎች በሢሶ አነሱ። በልክ የሆነ ነገር እንደዚህ ይጠቅማል።

ከስፍራው ይልቅ የሚያይለው ግን ሠራተኛው በገዛ ሥራው ላይ ያለው ሥልጣን ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1985 ጀምሮ የ10,308 የመንግሥት ሠራተኞች ጤንነት ሲመረመር፣ በሥራቸው አካሄድ ላይ የመወሰን መብት ያነሳቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በልብ ሕመም የሚያዙ ሆነው ተገኝተዋል።

የሰዓትም ድንበር ሊጠበቅ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 እንደ ገለጡት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ በመሥራት ምክንያት በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በልብ ሕመምና በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት ሞተዋል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8 በሳምንትም 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል። ነገር ግን የአለቃ ቴሌፎን በሌሊት የሚጠራው ሠራተኛ፣ ደንቡ በወረቀት ቢኖርም ዕረፍት አላገኘም። ፖርቱጋል በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ካልደረሰ በቀር አሠሪ በዕረፍት ሰዓት ሠራተኛውን እንዳይጠራ የከለከለችው ስለዚህ ነው።

በረኛው፣ አስታማሚውና ባለጉዳይ ተቀባዩ ሥራቸውን ወደ ቤት ሊወስዱ አይችሉም፤ ሥራን በሚገባ መደልደል ግን ለሁሉም ይደርሳል። እንግዲህ የመሥሪያ ቤት አለቃ ለያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራውን ወሰን ለይቶ ሊያስታውቀው፣ ከኃላፊነቱ ጋራ የሚመጣጠን ሥልጣን ሊሰጠው፣ በቤቱ የሚሠራውንም ከባልንጀሮቹ ጋራ የሚገናኝበትን ቀን ሊወስንለት፣ የዕረፍቱንም ሰዓት ሊያከብርለት ይገባል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማስተዋል ይበቃዋል። ጤናው የተጠበቀለት ሠራተኛም ባለጉዳዩን በትዕግሥት ያስተናግዳልና፣ ጥቅሙ ተመልሶ ለሕዝብ ነው።