የታጠበ ከሰል ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የድንጋይ ከሰል ከምድር ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። በጥንት ዘመን በረግረግ ውስጥ የተቀበረው ዕፅ ወደ ከሰልነት ሲለወጥ፥ በዙሪያው የነበረውን ጭቃና አሸዋ፥ ከውሃም ጋር የመጣውን ልዩ ልዩ ማዕድን አብሮ ይዞ ቆይቷል። ከእነዚህም መካከል አርሰኒክ፥ ባዜቃ፥ እርሳስና ሴሌኒየም ይገኛሉ። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ሊቃውንት የሚቈጥሯቸው ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እያሉ ነው። ነገር ግን ከሰል በብዙ ሺህ ቶን በሚነድበት ስፍራ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል፤ ከፊሉ በጢስ ይወጣል፥ ከፊሉም በዐመድ ይቀራል።

ይህን ለመቀነስ አስቀድሞ የሚታሰበው ከሰሉን ማጠብ ነው። የማጠቡም ሥራ የቆመው በክብደት ልዩነት ላይ ነው። ንጹሕ ከሰል ከውሃ የሚከብደው በጥቂት ነው፤ ድንጋዩና ሸክላው ግን የውሃን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል፥ ወርቅ መሳዩ ፒራይት የተባለው የብረትና የድኝ ማዕድንም አምስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ከሰሉ ተሰብሮ ከውሃ በከበደ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ እርሱ ይንሳፈፋል፥ ድንጋዩም ይሰጥማል።

አርሰኒክና ባዜቃ አብዛኛውን ጊዜ በፒራይት ውስጥ፥ እርሳስም ከድኝ ጋር በተዋሐደ ማዕድን ውስጥ ይገኛሉ። ማዕድኑ በጕልህ ቅንጣት የተለየ እንደ ሆነ፥ በመታጠቡ መርዙም አብሮ ይወገዳል። ቅንጣቱ እጅግ ደቆ በከሰሉ ውስጥ የተሰገሰገ እንደ ሆነ ግን ከሰሉ ካልተፈጨ በቀር አይላቀቅም። ከዚህ የባሰም አለ፤ ይኸውም ንጥረ ነገሩ ከራሱ ከከሰሉ ባሕርይ ጋር ሲዋሐድ ነው። ይህን ማጠብ አያስለቅቀውም፤ እንዲያውም ድንጋዩ ስለ ተወገደ በቀረው ከሰል ውስጥ ያለው ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። በምስር ውስጥ ያለ ጠጠር ይለቀማል፤ በወጥ ውስጥ የሟሟ ጨው ግን አይለቀምም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን በቻይና ደቡብ ምዕራብ ያለው የጉይጆ ጠቅላይ ግዛት ነው። በዚያ ገበሬዎች በርበሬያቸውን ጢስ ማውጫ በሌለው ምድጃ በከሰል እሳት ላይ ያደርቁ ነበር። የአሜሪካና የቻይና ሊቃውንት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ቢያንስ 3,000 ሰዎች በአርሰኒክ እንደ ተመረዙ ገለጹ። በዚህ ከሰል ላይ የደረቀው በርበሬ በአማካይ ከሚሊዮን 500 እጅ አርሰኒክ ሲገኝበት፥ ያልደረቀበት ግን 1 እጅ እንኳ አልሞላም። በከሰሉም ውስጥ እስከ 35,000 እጅ የደረሰ አርሰኒክ ተገኘ። ከዚህም ብዙው ከከሰሉ ባሕርይ ጋር የተዋሐደ ስለ ነበረ፥ ከባዱን ማዕድን ለይቶ ማስወገድ እንደማያድን፥ ፒራይትም በዐይን መታየቱ ወይም አለመታየቱ ለአደጋው ምልክት እንደማይሆን አስረዱ።

በአገራችንም በያዩ፥ በደልቢና ሞዬ፥ በጭልጋም የድንጋይ ከሰል መኖሩ የታወቀ ነው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የአገር ከሰል ታጥቦ መቅረብ ጀምሯል። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ከሰሉ ታጥቧልን ብሎ ብቻ ቢጠይቅ አይበቃም፤ ምን ያህል መርዝ አለበት፥ መርዙስ ያደረው በድንጋዩ ነውን ወይስ በከሰሉ ብሎ ከየጕድጓዱ ናሙና ማስመርመር ይገባዋል። ታጥቦ የወጣውም ዝቃጭ ከምድር አልጠፋም። ፒራይት ያለበት ክምር አየርና ዝናም ሲያገኘው አሲድ እየሆነ መርዙን ወደ ወንዝ ሊያወርድ ስለሚችል፥ የሚከማችበት ስፍራ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

እንግዲህ ምርመራው ማጠቡን ይቅደም። ከወንዙ በታች ያለው ሰው የሚጠጣው፥ ከምድጃውም አጠገብ ያለው ሕፃን የሚተነፍሰው፥ ሹሙ በወረቀት ላይ ያልጠየቀውን ነው።