ልጆቻችን ኩኪስ ሲሸጡ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ከአዳራሹ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት ልጅ አገኘሁ። ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። በትሪ ላይ በላስቲክ የታሸገ ኩኪስ ይዛለች። «ፓስተር፣ ኩኪስ ይግዙ፤ ለጌታ ሥራ ነው» አለችኝ። ሁለት ገዛሁና «የኔ ልጅ፣ ገንዘቡ ምን ሊሠራበት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ትሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም ወደ ታዳጊዎች ኅብረት አስተባባሪዋ ዞር አለች። «አላውቅም፤ ሽጡ ተባልን» አለችኝ።

ይህ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። ልጅቷ ዋሽታ ቢሆን ኖሮ እመክራት ነበር። እርሷ ግን እውነቱን ነው የተናገረችው። መመከር ያለብን እኛ ነን።

በየአጥቢያችን የታዳጊዎችና የወጣቶች ኅብረት ለኮንፈረንስ ጉዞ፣ ለመዘምራን ልብስ፣ ለወንጌል ስርጭት ገንዘብ ሲያስፈልገው ኩኪስ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሻይና ቡና መሸጥ የተለመደ ሆኗል። ሽያጩን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ልጆች እጃቸውን ለሥራ፣ ልባቸውን ለመስጠት ቢያስለምዱ ደስ ይለኛል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ኩኪስ ይሽጥ፣ እኛ ግን በኩኪሱ ስም የልጁን ፊት አንሽጥ። የሁለቱ ልዩነት ቀላል ቢመስልም ቀላል አይደለም። ይህን የተማርሁት ደግሞ ከራሴ ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት በማገለግልበት አጥቢያ ለታዳጊዎቻችን ጉዞ ገንዘብ ማሰባሰብ ፈለግን። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ጥቅል ኩኪስ ሰጠን፤ ስማቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፍን፤ ብዙ የሸጠውን በጉባኤ ፊት እንሸልማለን አልን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ በሁለት ቀን ሁሉንም ሸጦ መጣ። መድረክ ላይ አወጣነው፤ ጉባኤው አጨበጨበ፤ እኔም እጄን ጭኜ ባረክሁት።

ከወራት በኋላ የልጁ እናት ለሌላ ጉዳይ ቢሮዬ መጣች። ስለ ኑሮዋ ስትነግረኝ ከጎረቤት የተበደረችውንና ገና ያልከፈለችውን ገንዘብ አነሣች። ለምን እንደ ተበደረች ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ከ20ው ጥቅል ውስጥ 14ቱን የገዛችው እርሷ ነበረች። «ልጄ በጉባኤ ፊት እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው፣ ፓስተር» አለችኝ።

በዚያች ቀን የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ትዝ አለኝ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ ያመሰገናት መበለት ያላትን ሁሉ የሰጠችው በፈቃዷ ነበር፤ ማንም ስሟን ሰሌዳ ላይ አልጻፈም። ይህች እናት ግን የከፈለችው መባ ሳይሆን የእፍረት መቀጮ ነበር። መቀጮውን የጣልሁባትም እኔ ነኝ። ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን ገንዘቡን መለስንላት፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። ያን ጭብጨባ ግን ከልጁ ጆሮ ላይ መልሼ ልወስደው አልችልም።

ስለ ልጅነቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግሁት በጋይንት ነው፤ ከጉና ተራራ ወዲያ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ። በአገራችን ቤተ ልሔም የምትባለውን ደብር የማያውቅ የለም። የድጓ ምስክር የሚገኝባት ታላቅ የዜማ ጉባኤ ቤት ስለ ሆነች፣ ከሩቅ ከሩቅ አገር ተማሪዎች ወደ እርሷ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የቆሎ ተማሪዎች ልጆች ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ለውሻ ዱላ ይዘው ከየደጃፉ ይቆማሉ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ እናቴ ካላት ላይ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጣቸው ነበር።

እኔ በኋላ ጌታን ያገኘሁት በወንጌል አማኞች መካከል ነው፤ በትምህርት የምንለያይባቸው ነገሮች እንዳሉ አልደብቅም። ልጅ ከወላጁ ርቆ በረሃብና በብርድ የሚያድግበትን ኑሮም ለማንም ልጅ አልመኝም። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ያ ተማሪ በደጃችን ሲቆም ለምን እንደ ቆመ ያውቃል፤ ሊማር ነው። እናቴም ቁራሹ የት እንደሚደርስ ታውቃለች፤ ሊማር በመጣ ልጅ ሆድ ውስጥ። በእጁና በእጇ መካከል የተሰወረ ነገር አልነበረም። ታዲያ የእኛዋ ልጅ ትሪ ይዛ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ በአዳራሻችን በር ቆማ ለምን እንደምትሸጥ ካላወቀች፣ ከዚያ ደበሎ ለባሽ በምን በለጠች?

ቤተ ልሔም ማለት በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ እንጀራ የያዘ አንድ ልጅ እናገኛለን። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነበረው። የገብስ እንጀራ የድሃ ምግብ እንደ ሆነ ለጋይንት ሰው መንገር አያስፈልግም። ጌታ ያን ጥቂት ነገር አልናቀውም፤ አመስግኖ ባረከው፤ ሕዝቡም ጠገበ። ልጁን ግን በሕዝቡ መካከል እየዞረ እንዲለምን አላደረገውም። ከሌሎች ልጆች ጋርም አላወዳደረውም። ስሙ እንኳ አልተጻፈም። የልጅ ስጦታ በጌታ እጅ ሲገባ እንዲህ ነው፤ ስጦታው ይበዛል፣ ልጁ ግን መሣሪያ አይሆንም።

ኩኪስ የመሸጥ ልማድ በዓለም ታዋቂ የሆነው በአሜሪካ የገርል ስካውት ልጃገረዶች ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ግዛት በሙስኮጊ ከተማ የሚገኙ ልጃገረዶች በቤታቸው ምድጃ ጋግረው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሸጡ፤ ለአገልግሎታቸው ወጪ እንዲሆናቸው። በ1930ዎቹ ሥራው እየሰፋ ሲሄድ መጋገሩ ወደ ዳቦ ፋብሪካዎች ተዛወረ። ዛሬም ድርጅቱ የሽያጩ ዓላማ ልጆቹ ግብ ማውጣትን፣ መወሰንን፣ ገንዘብ መያዝን፣ ከሰው ጋር መነጋገርንና በንግድ ታማኝ መሆንን እንዲማሩ ነው ይላል። ከዚህ የምንማረው አለ። ዓለማዊ ድርጅት እንኳ ልጁ ከሽያጩ ምን ይማራል ብሎ ከጠየቀ፣ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሳጥኑ ውስጥ ስንት ገባ ብላ ብቻ ልትጠይቅ አይገባትም።

መንገዱ ዓላማውን ሊውጠው እንደሚችል የእኛው አካባቢ ታሪክም ይመሰክራል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ይኖሩ ነበር። የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በሙያቸው እየኖሩ ወንጌልን ሊያገለግሉ ነው የመጡት። ልጆችንም ያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን ከወንጌላቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለገ። በመጨረሻ ከጋፋት የወጣውና ስሙ የቀረው ሥራ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሆነ፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ኩኪስ መድፍ አይደለም። ነገር ግን ለወንጌል ብለን የጀመርነው ነገር ቀስ በቀስ ራሱ ጌታ ሆኖ እንዳይቀመጥብን መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ገበያ አይደለችም፤ ጭራሽ ይቅር» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቅናታቸውን አከብራለሁ። ጌታችን የለዋጮችን ገበታ የገለበጠው የአባቱ ቤት የንግድ ቤት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በአምልኮ ሰዓት መሸጥ፣ በመድረክ ላይ ማሻሻጥ፣ ላልገዛ ሰው ፊት መንሣት ሊቀር ይገባል። መሥራትና መሸጥ ግን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ ኖሯል፤ በምሳሌ 31 የተመሰገነችው ሴትም የሠራችውን ትሸጥ ነበር።

«ልጆች ናቸው፣ ምን ይጎዳቸዋል?» ለሚሉት ደግሞ የያቺን እናት አንገት መድፋት አስታውሳቸዋለሁ። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። የእሑድ ኩኪስ ቅጥር አይደለም፤ ነገር ግን መንግሥት ለልጅ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ታናናሾቹን አትናቁ ያለውን ጌታ የምንከተል እኛ ከዚያ ልናንስ አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ በአጥቢያችን ከዚያ ጥፋት በኋላ የተስማማንበትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ልጁ ከመሸጡ በፊት ዓላማውን በራሱ አፍ መናገር ይቻል። መናገር ካልቻለ ትሪ አንሰጠውም። ወላጁም አስቀድሞ ይፍቀድ፤ ልጁ አልፈልግም ካለ በዚያው ያብቃ።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። ቅዳሜ ከእናቶችና ከአባቶች ጋር ዱቄቱን ያቡኩ፣ ዳቦ ቆሎውን ይቁረጡ፣ ኩኪሱን ይጋግሩ። የዱቄቱን፣ የስኳሩንና የዘይቱን ዋጋ ይጻፉ። ለአንዱ 6 ብር ወጥቶ በ10 ብር ቢሸጥ፣ የጌታ ሥራ የሚያገኘው 10 ሳይሆን 4 ብር እንደ ሆነ ይወቁ። ይህ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ እውነትን መለማመድ ነው። የተቃጠለውን ከሥር፣ ጥሩውን ከላይ አድርጎ ማሸግም ሐሰተኛ ሚዛን መሆኑን እዚያው ይማሩ።

ሦስተኛ፣ ውድድር አይኑር። ስም ሰሌዳ ላይ አይጻፍ፤ ያልተሸጠው ወደ ልጁ ቤት አይላክ። የቀረውን አብረን ሻይ አፍልተን እንበላዋለን።

አራተኛ፣ ልጅ ብቻውን ቤት ለቤት፣ መናኸሪያ ወይም አስፋልት ዳር አይሂድ። በቀን ብርሃን፣ ከታወቀ አዋቂ ጋር ይሁን።

አምስተኛ፣ ገንዘቡን ሁለት ሰዎች ልጆቹ እያዩ ይቁጠሩት፤ የገባውና የወጣው ተጽፎ ይለጠፍ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 የምእመናኑን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን አስቦ ሌሎችን ጨመረ። ሐዋርያው ምስክር ካስፈለገው ለእኛማ ምን ያህል ያስፈልገናል!

የሚከብደውን ነገር በመጨረሻ ልናገር። ልጆች የሚሸጡት ብዙ ጊዜ እኛ አዋቂዎች ልንሰጠው የሚገባንን ለመሸፈን ነው። ለአዳራሻችን የድምፅ መሣሪያ ስንገዛ ማንም ኩኪስ አልሸጠም፤ ከበጀት ወጣ። የሰንበት ትምህርት ክፍል ምንጣፍ ሲያስፈልገው ግን «ልጆቹ አንድ ነገር ይሽጡ» አልን። ይህን ስጽፍ እኔም አፍሬ ነው። ልጆችን ማስተማርና መንከባከብ የአዋቂዎች መባ የመጀመሪያ ድርሻ ነው። ልጆች የሚሸጡት ከዚያ ያለፈ ከሆነ፣ ለሌላ ለመስጠት ከሆነ፣ ያኔ ሽያጩ ራሱ ትምህርት ይሆናል።

እምነትን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባብያን፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስለ ገንዘብ ሰምታችሁ ቅር ብሏችሁ ከሆነ ቅሬታችሁ እውነት ሊኖረው ይችላል። የእግዚአብሔር ጸጋ ግን አይሸጥም፤ በነጻ ነው። ይህን በኑሯችን ካላሳየን ስብከታችን አይሰማም።

ያቺን ልጅ ከሳምንት በኋላ አገኘኋት። አስተባባሪዋ ልጆቹን ሰብስባ ዓላማውን አስረድታቸው ነበር። ትሪዋን ይዛ ወደ እኔ መጣችና ሳልጠይቃት፣ «ፓስተር፣ በገጠር ላሉ የሰንበት ትምህርት ልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ልንገዛ ነው። ባይገዙም ይጸልዩልን» አለችኝ።

ገዛሁም፣ ጸለይሁም። እናንተም በየአጥቢያችሁ ትሪ የያዘ ልጅ ስታዩ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ልጁን አትቆጡት፤ ወደ እኛ ወደ መሪዎቹ ኑ።

ጌታ ልጆቻችንን ይባርክ፤ እኛንም ታማኝ ጠባቂዎቻቸው ያድርገን። አሜን።