የተቆረጠው ገቢር

የአንድ ታሪክ ሕይወቱ በቅደም ተከተሉ ነው። ከሁለት ድርጊቶች የትኛው እንደ ቀደመ የማያውቅ ተመልካች የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አያውቅም፤ ምክንያትና ውጤት የተምታታበት ሰው ደግሞ ለመፍረድ አይበቃም። ስለዚህ የታሪክን ቅደም ተከተል ማዛባት እንደ ቀላል የአቀራረብ ጉድለት የሚታይ አይደለም፤ ከተመልካቹ የመፍረድን ሥልጣን መንጠቅ ነው። ይህ ንጥቂያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ታሪክ ላይ ከመድረክ እስከ መጽሐፍ ሲፈጸም ኖሯልና፣ ነገሩ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

የበላይ ታሪክ የአንድ ደራሲ ንብረት አይደለም። በፉከራና በቀረርቶ ተጀምሮ በዘፈን፣ በግጥም፣ በቴአትርና በመጽሐፍ ሲቀባበል ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረ ረጅም ተከታታይ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ የሚጓዝ ሰው ያንኑ የአምስት ዓመት ጦርነት ከተለያየ በር ሲገባበት ይሰማዋል። ወደ ቢቸና ተረኩ በበላይ ይከፈታል፤ ወደ ሞጣ ሲደርስ የልጅ ኃይሉ በለው ስም ይነሣል፤ የመንገሻ ጀምበሬና የነጋሽ በዛብህ ወገን ደግሞ የራሱን መክፈቻ ይዞ ይጠብቃል። የበላይን ትውልድ ወደ ወሎ የሚያደርስ አለ፤ ከጎጃም የማያስወጣው አለ። ዕድሜውንና የአባቱን የዘለቀ ላቀውን አሟሟት በተመለከተም ተራኪዎች አይስማሙም። ይህ ሁሉ ነውር የለበትም። ፉካሪ ጀግናን ያወድሳል እንጂ ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም፤ ማንም እንዲቆጥር አላዘዘውም።

ጸሐፌ ተውኔት ግን ፉካሪ አይደለም። ፉካሪው የሚነግረን አንዲት ቅጽበት ነው፤ ጸሐፌ ተውኔት የሚያሳየን አንድ ድርጊት ሌላውን ሲወልድ ነው። ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ቃል ብቻ እንመልከት። በላይ ለተከታዮቹ ማዕርግ ሲያድል «ለራስህስ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ እናቱ «በላይ» ብላ ስም ስላወጣችለት ከዚያ የሚበልጥ እንደማይሻ መለሰ ይባላል። ይህ ቃል በአባይ በረሃ፣ ነገ መኖርና አለመኖር ባልታወቀበት ሰዓት ሲነገር ጨዋታም ኩራትም ነው። ከድል በኋላ፣ ማዕርግ ከመንግሥት በሚታደልበት ጊዜ ላይ ቢያስቀምጡት ግን ያው ቃል የእምቢተኝነት ማስረጃ ይሆናል። አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፣ ከ1933 ዓ.ም. በፊት የነበረው ምስጋና ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ክስ ሆኖ ያድራል። ቅደም ተከተል ፍርድ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ከአጥፊዎቹ መካከል ቀዳሚዎቹ ታሪኩን በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የሚዘጉት ናቸው። የአርበኞች መታሰቢያ በደረሰ ቁጥር የሚቀርበው ትርኢት ቅርጹ አስቀድሞ ይታወቃል። መስከረም 1928 ጠላት ወሰን ይጥሳል፤ ሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ይያዛል፤ በላይ ጫካ ይገባል፤ ጥይት ይተኰሳል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል፤ መጋረጃ ይዘጋል። ተመልካቹ አጨብጭቦ፣ ሆዱ ሞልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከመጋረጃው ጀርባ የቀረው ከታየው አያንስም። ከነፃነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ በቢቸና ተሾመ። ውሎ አድሮ ከመንግሥት ጋር ተቃቃረ፤ ጦር ተላከበት፤ እጁን ሰጠ። የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ፍርዱ በእስራት ተለወጠለት፤ ከእስር ቤት አምልጦ ተያዘ። በጥር ወር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ በጠላት ዘመን ከጣሊያን ጎን የተሰለፈ ሰው ነበር። ጠላትን አምስት ዓመት የወጋውና ለጠላት ያደረው በአንድ ፍርድ አንድ ገመድ ተካፈሉ። ከዚህ የከበደ ትዕይንት አስቦ የሚፈጥር ጸሐፌ ተውኔት የት ይገኛል? የተፈጠረውንስ፣ ያውም በእውነት የሆነውን፣ ቆርጦ የሚጥል ምን ይባላል?

ከድሉ እስከ ስቅላቱ አራት ዓመት እንኳ አይሞላም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት 5500 ዘመን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ተደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነው። 1933 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስ ነበረ፤ አራቱ ወንጌላውያን አንድ ጊዜ ዞረው ሲመለሱ 1937 ዓ.ም.ም ዘመነ ማቴዎስ ሆነ። «በማቴዎስ ነው» የሚል አረጋዊ ድሉን ይሁን ስቅላቱን ማለቱ ካልተጠየቀ አይለይም። የመድረኩ ሰው ተግባር ሁለቱን ማቴዎሶች መለየት ነበር፤ የድሉን ማቴዎስ ጠብቆ የገመዱን ማቴዎስ ፋቀ።

ሁለተኛዎቹ አጥፊዎች የነዚህ ተቃራኒ መስለው የሚታዩት ናቸው። እነዚህ ከስቅላቱ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዱ የበላይን ሕይወት በሙሉ ነቀፋ የሌለበት የሰማዕት ገድል ያደርጉታል። የማይመቻቸውን መጋጠሚያ ይዘልላሉ። በመጋቢት 1933 መጨረሻ የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ከከተማዪቱ ሲገቡ፣ የሚሸሸው ጦር አባይን እንዳይሻገር በላይ መንገድ ይዘጋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በዘመቻው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች በላይ መንገዱን እንዳልዘጋ፣ ምክንያቱም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለ ገቡለት እንደ ሆነ ጽፈዋል። ይህ የባዕድ ምስክርነት ነው፤ ምስክሮቹም የራሳቸው ጉዳይ የነበራቸው ሰዎች ናቸውና ሊመረመር ይገባዋል። መመርመርና መሸሸግ ግን የተለያዩ ናቸው። ያን የአባይ ማዶ ጥያቄ የዘለለ ተውኔት የኋለኛውን ጥርጣሬና ቂም ከየት እንደ መጣ ሊያሳይ አይችልም፤ ስቅላቱ እንደ መብረቅ ያለ ምክንያት ከሰማይ ይወርዳል።

ሦስተኛዎቹ ሁሉን አስታራቂዎች ናቸው። የቢቸናውንና የሞጣውን፣ የወሎውንና የጎጃሙን ተረክ አንድ ላይ ሰፍተው ስፌቱ እንዳይታይ ይተኩሱታል። ሁሉም ይስማማል፤ መሪዎቹ ተፎካክረው አያውቁም፤ ጥያቄ የለም። ለነዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 «የዜልዳ አፈ ታሪክ» የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው ክፍል በክፍል ሲቀጥል የወጣበት ተራና የታሪኩ ተራ ተለያዩ፤ በ2011 የወጣው ክፍል ከሁሉ በፊት የሆነውን የሚተርክ ሆነ። ተጫዋቾች ለዓመታት ከተከራከሩበት በኋላ ኩባንያው በዚያው ዓመት የዘመን ቅደም ተከተሉን በመጽሐፍ አወጣ። በ1998 ከወጣው ክፍል በኋላ ታሪኩ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ጀግናው ድል ነሥቶ የሄደበት ዓለም፣ ሁለተኛው ወደ ልጅነቱ የተመለሰበት፣ ሦስተኛው ጀግናው ተሸንፎ የወደቀበት ነው። የሁሉ መነሻ የሆነው የ1986ቱ ጨዋታ ራሱ የተመደበው በዚሁ በውድቀት ቅርንጫፍ ውስጥ ነው።

ይህ የልጆች መጫወቻ ነው ተብሎ ይናቅ ይሆናል። እንግዲያው ነገሩ የባሰ አሳፋሪ ነው፤ የልጆች መጫወቻ የሚሠሩት የፈጠራ ጀግናቸውን ውድቀት በመዝገብ ሲያሰፍሩ፣ ትልቁን መድረክ የያዙት በእውነት የወደቀውን ሰው ውድቀት ይሰርዛሉ።

ልዩነቱም መነገር አለበት። በፈጠራ ዓለም ጀግና አንድ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ሊሸነፍ ይችላል። በላይ ግን የተወለደው አንድ ጊዜ፣ የሞተውም አንድ ጊዜ ነው። ቅርንጫፉ ያለው በድርጊቱ ሳይሆን በምስክሮቹ ዘንድ ነው። ለዚህ የሚሆነውን መሣሪያ ደግሞ ከጃፓን መዋስ አያስፈልግም። የመጻሕፍት መምህራን በአንድ ቃል ላይ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ሲገኝ አንዱን በአንዱ አይውጡትም፤ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያቆሟቸዋል፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉን ይዞ ያመዛዝናል። የበላይ ትውልድ አንድም ወሎ፣ አንድም ጎጃም ይባል፤ የአባይ ማዶው ነገር አንድም ክህደት፣ አንድም የባዕድ ወቀሳ ይባል። በ1933 እና በ1937 መካከል ግን «አንድም» የለም። እዚያ ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ ተራው አይገለበጥም፤ ሁለተኛውም አይቆረጥም።

«ኪነ ጥበብ ታሪክ አይደለም፤ ደራሲ ነፃ ነው» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ደራሲ ቃለ ምልልስ ሊፈጥር፣ ያልነበረ ሎሌ ሊጨምር፣ ሦስት ውጊያ በአንድ ትዕይንት ሊያጠቃልል ነፃነት አለው። ዋጋውን ደብቆ ዕቃውን የመሸጥ ነፃነት ግን የለውም። «ወጣቱ ድል እንጂ ስቅላት አያስፈልገውም» የሚሉም አሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከቢቸና የማትርቀውን ዲማን በአንባቢ ሁሉ ልብ ውስጥ የተከለው ሁለት ወጣቶች በመፋቀራቸው ላይ ስላቆመ አልነበረም፤ ርእሱ ቃል እንደ ገባው እስከ መቃብር ስለ ዘለቀ ነው። አንባቢው አልሸሸም፤ ትውልድ እየተቀባበለ አነበበው። የበላይን መጨረሻ የሚፈራው ወጣቱ አይደለም፤ አገር ለልጇ ባለዕዳ የሆነችበትን ሒሳብ በአደባባይ ማንበብ የሚከብደው ነው።

ከእንግዲህ የበላይን ታሪክ ወደ መድረክ የሚያወጣ ሁሉ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ መጋረጃው የሚዘጋው በየትኛው ማቴዎስ ነው? በ1933 ከዘጋው ቀሪውን ገቢር ለተመልካቹ ዕዳ አለበት። የቢቸናና የሞጣ ሰው ያን ገቢር ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ አዳራሽ ሞልቶ የሚጠብቀውም በዝምታ እንዲታለፍለት አይደለም።