ዳይሱ ሳይሆን ገንዘቡ ይከልከል

ርእሰ አንቀጽ

በያዝነው ወር ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ አንድ ማመልከቻ ቀርቧል። ይኸውም በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል የሚገኙት የሉዶ ሰሌዳዎችና ዳይስ የሚጣልባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ተሰብስበው ይቆለፍባቸው፤ ገበጣ፣ ዳማና ቼዝ ግን ባሉበት ይቆዩ የሚል ነው። ምክንያቱም ዳይስ ቁማር ነው፣ ቁማርም ተማሪን ያበላሻል ይላል። ከፈረሙት መካከል የምናከብራቸው ጓደኞቻችን አሉበት። ማመልከቻው በቅን ልቡና የተጻፈ ነውና መልሳችንም በቅን ልቡና እንዲሆን እንሞክራለን።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ማመልከቻው ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ባለፈው መስከረም፣ ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የቡታጅራ ልጅ የሆነ አንድ ጓደኛችን ከቤት የተላከለትን ገንዘብ በሉዶ ተበላ። መሳፈሪያውም፣ ለእናቱ ሊገዛ ያሰበውም ነገር አብሮ ሄደ። በዚህ አገር መስቀል ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሩቅ አገር ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ሰው ባለበት ዕለት፣ እዚሁ ቅርብ ያለ ልጅ ሲቀር ቤተ ሰቡ «ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። ጓደኛችን ለእናቱ በስልክ «ፈተና አለብኝ» አላቸው። ፈተና አልነበረበትም።

ያን ጊዜ እኛ የት ነበርን? በሰሌዳው ዙሪያ ቆመን ነበር። ስድስት ሲወጣለት አጨበጨብን፤ ሲቀርበት ደግሞ «ጨምር፣ አሁን ይወጣል» ያልነው እኛው ነን። እንግዲህ ይህን ርእሰ አንቀጽ የምንጽፈው ከደሙ ንጹሕ እንደ ሆነ ሰው አይደለም።

ታዲያ የጓደኛችንን ገንዘብ የበላው ዳይሱ ነውን? በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ክፍል ጥግ፣ ሁለት ተማሪዎች በቆርኪ ዳማ በብር ይጫወቱ እንደ ነበር ያየ ሁሉ ያውቃል። ዳማ ላይ ዳይስ የለም፤ ተሸናፊው ግን እንደዚሁ ተበልቶ ወጥቷል፤ ያውም ያለ ምንም ዕድል፣ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው ፊት ተቀምጦ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየከተማው የተስፋፋው የእግር ኳስ ውርርድም በዳይስ የሚካሄድ አይደለም። ሰሌዳው ቢቆለፍበት ሉዶ በስልክ ውስጥ አለ፤ ገንዘብም በስልክ ይላካል። በመዝናኛ ክፍሉ መብራት ሥር፣ ጓደኛ እያየ የሚጫወት ልጅ፣ ነገ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፋፍኖ ብቻውን ይጫወታል። ያን ጊዜ የሚያጨበጭብለት ባይኖርም «ተው፣ ይብቃህ» የሚለው ሰውም አይኖርም።

ዕጣ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እቁብን እንይ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላሉ እንበል፤ 10,000 ብር ይሰበሰባል፤ ስሞቻቸው በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው ይጠቀለሉና አንዱ ይወጣል። ማን መጀመሪያ፣ ማን መጨረሻ እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ብቻ ነው። ነገር ግን እቁብን ቁማር ነው የሚል ማንም የለም፤ ምክንያቱም ሃያ ሳምንት ሲሞላ ሁሉም የጣለውን ያገኛል፣ የተበላ የለም። ከዚህ በኋላ ያለው ብልሃት ነው። ቀድሞ የወጣለት ዋስ አቅርቦ ይወስድና ዕቃ ያስገባል፤ የዘገየበት ደግሞ ገንዘብ የሚያስፈልግበትን ወር አስቀድሞ ያሰላል፤ ሌላው ዕጣውን ለቸገረው ጓደኛው ይለቅለታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በመርካቶ ሱቅ የከፈቱት እንዲህ ዕጣን ከብልሃት ጋር አዋድደው ነው። እኛን ያስተማረን ገንዘብ ከዚያ የመጣ ሆኖ ሳለ ዕጣ የሚባል ነገር ሁሉ ርኩስ ነው ብንል የሚያምርብን አይመስለንም።

በአንጻሩ፣ የሎተሪ ትኬት የገዛ ሰው ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው ሥራ የለውም። እዚያ ዕጣ እንጂ ብልሃት የለም። የሚገርመው ማመልከቻው ስለ ሎተሪ አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው።

ማመልከቻው ገበጣና ቼዝ ይቆዩ ማለቱ ግን ደስ አሰኝቶናል። ገበጣ ውስጥ ዕጣ የለም፤ ጠጠሩ ሁሉ ለሁለቱም ተጫዋቾች በግልጽ ይታያል፤ የተሸነፈ ሰው ከራሱ በቀር የሚያመካኝበት አያገኝም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ አገራችን ሰንጠረዥ ባወጡት ጽሑፍ እንደሚታየው፣ የገበጣው ዓይነት ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። ሰንጠረዥ ስንል ዛሬ የላቦራቶሪ ውጤት የምንሞላበትን የቁጥር ሣጥን ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ ለዚያ ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ተጫውተውታል የተባለውን፣ ነገሥታትና መኳንንት የሚጫወቱትን የኢትዮጵያን ቼዝ ማለታችን ነው። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነገር አለ። ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም ተጫዋቾች ጦራቸውን እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ነው። ስለዚህ ዓይን ከሰሌዳው ሳይሆን ከባላጋራ እጅ ላይ አይነሣም። ደግሞም ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ ንጉሡን በትልቁ ጠጠር ማሰር እንደ ነውር ሲቆጠር፣ በተራው ወታደር ማሰር ያስከብራል። ይህ የብልሃት ጨዋታ ነው። ሆኖም ዳይስ ባይኖርበትም ወረራው ራሱ ያልታሰበ ነገር የሚገባበት በር መሆኑን ልብ እንበል። ሙሉ በሙሉ የሚታወቅ ጦርነት እንደሌለ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ይህንኑ ነገር ፈረንጆች በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ለጦር ሹማምንት ማሠልጠኛ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ በካርታ ላይ ሠራ። ጦሩን ወዴት እንደሚያዘምት አዛዡ ያስባል፤ የግጭቱን ውጤት ግን ዳይስ ይወስናል፤ አዛዥ የማያዝዘው ብዙ ነገር አለና። ከዚያ ዘር የወረደው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የምናብ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ጀግና ወይም ጠንቋይ ሆኖ ከዘንዶ ጋር ይዋጋል፤ ባለ ሃያ ፊት ዳይስም ይጣልበታል። ምን እንደሚሞክር የሚወስነው ሰውዬው ነው፤ ይሳካለት እንደ ሆነ የሚናገረው ዳይሱ ነው። እኛ ዘንድ የታወቀው ሉዶ እንኳ ከሕንድ ፓቺሲ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የወጣበት ሲሆን፣ አራት ጠጠር ስላለው ከአራቱ የትኛውን እንደምታራምድ ማሰብን ይጠይቃል።

የሒሳብ መምህሮቻችን ደግሞ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ከዳይስ ጠረጴዛ መነሣቱን ይመሰክሩልናል። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት ስለ ዳይስ ጨዋታ ነበር። አንድ ዳይስ አራት ጊዜ ቢጣል ቢያንስ አንድ ጊዜ ስድስት የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 52 ያህል ነው። ያ ጓደኛችን ግን «አምስት ጊዜ ስድስት አልወጣምና በስድስተኛው መውጣቱ የግድ ነው» ብሎ ያምን ነበር፤ እኛም አብረን አመንን። ዳይስ ያለፈውን አያስታውስም፤ በስድስተኛውም ዕድሉ ያው ከስድስት አንድ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ተምረን ፈተናም ተፈትነንበታል። በሰሌዳው ፊት ሲሆን ግን አንዳችንም አላስታወስነውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከመስቀል በኋላ አራት ተማሪዎች በአንድ የካርቶን ክዳን ላይ ሰሌዳ ሠርተዋል። ስም ገና አላወጡለትም። ተጫዋቹ ነጋዴ ነው፤ ከቡታጅራ ገበያ ተነሥቶ፣ ዘቢዳርን አቋርጦ፣ የዋቤን ወንዝ ተሻግሮ ወልቂጤ ይገባና ይመለሳል። ዛሬ ሁለቱ ከተሞች የሁለት ዞን ዋና ከተሞች ናቸው፤ በካርቶኑ ላይ ግን ሁለቱንም ያልረገጠ አያሸንፍም። በጀፎረ ላይ የቆመ ሰው አይመታም፤ ጀፎረ የሁሉም ነውና። እንሰት የተከለ አራት ዙር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ክፉ ዘመን የሚለው ካርድ ሲወጣ ቆጮ በጕድጓድ ያለው ብቻ ይተርፋል። ሐረ ሸይጣን የደረሰ ድንጋይ ይወረውራል፤ ወደ ሐይቁ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ላይ አይደርስም ይባል የለ? ስለዚህ እዚያ ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይቀጣል። ቆጠራ የሰረቀ የቦዠ ካርድ ይደርሰዋል፤ ጭነቱም በመብረቅ ይነዳል። (ቦዠን በካርቶን ላይ ማየት አንዳንድ ሽማግሌ ሳያስቆጣ አይቀርም፤ ሠሪዎቹ ሄደው ቢጠይቁ መልካም ነው እንላለን።)

ከሁሉ የወደድነው የጆካውን ሕግ ነው። ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ነገር ሲጣሉ ዳይስ አይጣልም፤ ነገሩ ለየጆካ ይቀርባል። የቀሩት ተጫዋቾች እንደ ሽማግሌ ተቀምጠው ሁለቱን ሰምተው ይፈርዳሉ። አንድ ማታ በሁለት ጆንያ በርበሬ የተነሣ ክርክር አንድ ሰዓት ሲፈጅ ተመልክተናል፤ ከሕግ ትምህርት ክፍል የመጣው ልጅ ተረታ።

ሰሌዳው በመጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። መጀመሪያ ሲሠሩት ሁሉንም ዳይሱ ይወስን ነበር፤ ማሰብ የማይወድ ሁሉ አሸነፈ፤ በሦስተኛው ቀን ሰለቸ። ቀጥሎ ዳይሱን ጨርሰው አወጡት፤ አንድ ልጅ ብቻ ሁልጊዜ አሸነፈና የቀሩት ተነሥተው ሄዱ። በመጨረሻ ሁለት ዳይስ አንድ ላይ እንዲጣል አደረጉ። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ይወድቃል፤ ሰባት በስድስት መንገድ ሲወጣ፣ ሁለትና ዐሥራ ሁለት ግን በየአንዳንድ መንገድ ብቻ ይወጣሉ። ስለዚህ የሚያስብ ሰው በሰባት ላይ ያቅዳል፤ ቢሆንም ርግጠኛ አይሆንም። ደግሞም ተጫዋቹ መጀመሪያ ዳይሱን ይጥላል፣ ከዚያ በወጣለት ቁጥር ምን እንደሚሠራ ይመርጣል። የእቁቡም ሥርዓት ይኸው አይደለምን? መጀመሪያ ዕጣው ይወጣል፤ ብልሃቱ ከዚያ በኋላ ነው። በዘቢዳር ጉም ላይ ብቻ ነው ተገላቢጦሹ፤ እዚያ መንገድህን መርጠህ ከገባህ በኋላ ዳይሱ ይጣላል።

በዚህ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልተያዘበትም። ማንም ስለ ከለከለ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጥ ነገር ስላለው ነው።

«ተማሪ ሁለት ሰዓት የሚጫወትበት ጊዜ ከየት አመጣ?» የሚሉ መምህራን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በፈተና ሰሞን ሰሌዳው ቢሰበሰብ አንከራከርም። ዕጣ የእግዚአብሔር ነውና ለጨዋታ አይውልም የሚሉ ጓደኞቻችንንም እናከብራለን፤ አይጫወቱ፤ ነገር ግን ዳይስ የሌለበት ጠረጴዛ አጠገባቸው አለ። «በገንዘብ አትጫወቱ ቢባል ማን ይቆጣጠራል?» ለሚሉት ግን የምንመልሰው ያን ቀን ካጠፋነው ተነሥተን ነው፤ የሚቆጣጠረው በዙሪያው የሚቆመው ሰው ነው። በመስከረም ቆመን ነበር፤ አፋችን ግን ለማጨብጨብ እንጂ ለሌላ አልተከፈተም።

እንግዲህ ሥራ አስፈጻሚው ማመልከቻውን እንዳለ እንዳይቀበለው እንጠይቃለን። በመዝናኛ ክፍሉ ውስጥ በማናቸውም ጨዋታ፣ ዳይስ ኖረበትም አልኖረበትም፣ በእጅም ሆነ በስልክ ገንዘብ መያዝ ይከልከል፤ የያዘም ሆነ ያስያዘ ለአንድ ወር ከክፍሉ ይታገድ። ተመልካችም ጭምር። ለጨዋታ ሰሌዳ ከተመደበው ገንዘብ ተቀንሶ ለካርቶኑ ሰሌዳ ጣውላና ቀለም ይገዛለት፤ ከሒሳብ መምህሮቻችንም አንዱ አንድ ምሽት መጥተው ስለ ዳይሱ ዕድል ቢነግሩን በታላቅ ደስታ እንቀበላቸዋለን።

ስብሰባው የፊታችን ሐሙስ ከእራት በኋላ በመዝናኛ ክፍሉ ይደረጋል። ያ የቡታጅራ ልጅ እንደሚመጣና እንደሚናገር ቃል ገብቶልናል፤ በየትኛው ወገን እንደሚናገር ግን አልነገረንም። የካርቶኑ ሰሌዳ እስከዚያው በዝግጅት ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንድ ጥጉ ሻይ ፈስሶበት ወልቂጤ ስለ ተላጠች፣ ሙጫ ያለው ሰው ይዞልን ቢመጣ እናመሰግናለን።