አዋጁ ሲያበቃ ወረርሽኙ አላበቃም ነበር
የኮሮና ወረርሽኝን ለመከላከል መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም የታወጀው የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ያበቃው በ2012 ዓ.ም መጨረሻ ነበር። ሥራ ቆሞ መኖር አይቻልምና የገደቡ መነሳት ለአርሶ አደሩ እፎይታ ነበር። የሚያሰጋው ወቅቱ ነበር፤ የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ነበር። ወደ መተማና ቋራ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ በአንድ መኪና ታጭቆ ይጓዛል፤ በአንድ ዳስ ያድራል፤ በአንድ ጣሳ ውኃ ይጠጣል። አንዱ ይዞት የገባው በሽታ ሠራተኛው ሲመለስ በየቀበሌው ይዳረሳል።

ስለዚህ የወረዳ አመራሩ «አዋጁ አብቅቷል» ብሎ እጁን ሊያጣጥፍ አይገባም ነበር። በየመናኸሪያውና በየገበያው መግቢያ ውኃና ሳሙና መቅረብ ነበረበት፤ ተሳፋሪውም ማስክ ማድረግ ነበረበት። ባለሀብቱ ለሠራተኛው ሰፋ ያለ ማደሪያ ማዘጋጀት ነበረበት። አርሶ አደሩም በደቦ ሲያጭድ መራራቅ፣ ጠላውንም በየራሱ ዋንጫ መጠጣት ነበረበት። ሰብሉ የሚሰበሰበው ሰብሳቢው ጤና ሲሆን ነው።