በጎዳና ስለሚያድሩ ልጆች

ልጅ የቤት በረከት ነው እንላለን፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ከተማ በአውቶቡስ ተራና በመርካቶ ዙሪያ ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ ልጆች ብዙዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት የመንግሥት ግምት በመላው አገር 150 ሺሕ ሲል፥ የርዳታ ማኅበሮች እስከ 600 ሺሕ ያደርሱት ነበር። ቀን በጎዳና ሠርቶ ማታ ወደ እናቱ የሚመለሰው ልጅ፥ ማደሪያ ከሌለው ጋራ አብሮ ሲቈጠር ቍጥሩ ይበዛል፤ ሲለይ ግን ያንሳል።

ወደ ጎዳና የሚያደርሰው ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ወላጆቹ ሞተውበት፥ ሌላው የእንጀራ አባቱ በትር መሮት፥ ሌላውም መሬቱ ለቤተ ሰቡ አልበቃ ብሎ ይወጣል። ልጃገረዲቱም ያለ ዕድሜዋ እንዳይድሯት ሸሽታ ትመጣለች።

ዳሩ ግን ከእኛ ከባለቤቶቹ የሚመጣ ምክንያት ደግሞ አለ። በደላላ እጅ ከገጠር መጥቶ በቤታችን የሚያገለግል ልጅ፥ ብርጭቆ ቢሰብር ወይም ቢታመም በቍጣ ውጣ ይባላል። የመጣበትን መንገድ የማያውቅ ሕፃን ከደጃችን ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?

የ1987 ዓመተ ምሕረት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ ሕፃን ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ በቤቱ ያለ ሁሉ የወላጆቹን ስምና አገር ጽፎ ይያዝ፤ ትምህርት ቤትም ይስደደው፤ ማሰናበት ግድ ቢሆንበት ለዘመዱ እጅ በእጅ ያስረክበው። ከቤታችን የገባ የሰው ልጅ አደራ ነውና፥ አደራ የበላ በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት ይጠየቅበታል።